የአባባ ኡኬሎ ካርታ

ልጅ ሳለሁ ካርታ የሚባል ነገር እኛ ቤት አይገባም ነበር። አባቴ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና ዩኒት ሊደር ነበር፤ ከጎሬ በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ረቡዕና አርብ የማይስት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ለእሱ ካርታ የቁማር ዕቃ ነው፤ ቁማር ደግሞ የሰይጣን ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ስለዚህ እኔ በአሥር ዓመቴ፣ ከአጥራችን ማዶ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ካርታ ስጫወት እንደማመሽ ብዙ ወራት ሳያውቅ ቆየ። እናቴ ታውቅ ነበር። «የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አይደል እንዴ» ብላ በልቧ ፈርዳ፣ እሱ ስብሰባ በሚያመሽባቸው ቀናት ትለቀኝ ነበር።

ያኔ ስብሰባ የሌለበት ቀን ጥቂት ነበር። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ በየቢሮው አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ኃላፊው ይቀየራል፣ መምህራኑ ግምገማ ተቀምጠው ይውላሉ። የታችኞቹ ክፍሎች በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ሊማሩ ነው ስለተባለ፣ ከደጋ የመጡት መምህራን «እኛስ ወዴት ልንሆን ነው?» እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። አባዬ ማታ ሲገባ ስለዚህ ነገር አያወራም። «ደንብ» የሚለውን ቃል ግን የዚያን ጊዜ ያህል ሲያዘወትር ሰምቼው አላውቅም። ሁሉም ነገር ሲነቃነቅበት የሚይዘው እሱን ብቻ ነበር መሰለኝ።

ጎረቤታችን አባባ ኡኬሎ ሸምገል ያሉ አኙዋክ ነበሩ። ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ባሮ ዳር ይቆሙ በነበረበት ዘመን፣ ገና በወጣትነታቸው፣ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲጭኑና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ካርታ የተማሩት ከመርከበኞቹ ነው። በኋላ የወንጌል አማኝ ሲሆኑ ካርታቸውን ወስደው ባሮ ውስጥ ጣሉት። «እጄ ግን ናፈቀው» ይሉን ነበር፣ ረጃጅም ጣቶቻቸውን እያሳዩን። ሚስታቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም አድገው ከሄዱ በኋላ፣ ከጤና ጣቢያ የሚጣለውን የመድኃኒት ካርቶን በምላጭ እየቆረጡ አርባ ሁለት ካርታ ሠሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታሪክ በእስክርቢቶና በከሰል ሳሉ፤ ላብና ዝናብ እንዳያበላሸው ደግሞ ሻማ አቅልጠው ቀቡት። ከዚያ የሰፈሩን ልጆች ጠሩ።

ሥዕሎቹ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎች አልነበሩም። ዮናስን የዋጠው ዓሣ ከባሮ የሚወጣው ባለ ጢሙ ዓሣ ነበር። ሙሴ የተኛበት ቅርጫት ካለበት ሸምበቆ ውስጥ ሁለት የአዞ ዓይኖች ይታያሉ። የኖኅ መርከብ ጭስ ማውጫ ነበራት፤ ለምን ብለን ስንጠይቃቸው፣ መርከብ ሁሉ ጭስ ማውጫ እንዳለው፣ እሳቸው በዓይናቸው ያዩት ይህንን እንደሆነ ነገሩን። አማርኛቸው ዘግይተው የተማሩት ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት፤ እኔንም «አንተ» ሲሉኝ እናቴ በአጥር ሰምታ ትስቅ ነበር።

ትንኝ እንዲሸሽ ከምንቀመጥበት ምንጣፍ አጠገብ የደረቀ ኩበት ያጨሳሉ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ግን ደግሞ እስካሁን ስለ ታሪክ ሳስብ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ፋኖሱ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፣ ነፋስ ሲመጣ የሁላችንም ጥላ አብሮ ይወዛወዛል፣ ፍሙ በኩበቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እኛም አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ደገኛው ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ካርታችንን ደረታችን ላይ ለጥፈን ተራችንን እንጠብቃለን።

ደንቡ አንድ ብቻ ነበር። ተራው የደረሰው ልጅ ካርታውን ከመጣሉ በፊት፣ ከእሱ በፊት የተጫወተው ሰው የተናገረውን መድገም አለበት። ያ ሰው «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ካላለ ካርታው አይጣልም፤ ከሥዕሉ ላይ ያለውንም ታሪክ መናገር አይቻልም። እያንዳንዱ በሚቀናው ቋንቋ ይናገራል፣ የሚያውቅ ያስተረጉማል። ታሪኩን ደግሞ እንደ መጽሐፉ ማነብነብ ግዴታ አልነበረም፤ ሥዕሉ የሚያስታውስህን ነው የምትናገረው። አሸናፊ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ማን እንዳሸነፈ ብጠይቃቸው፣ ካርታዎቹን እየሰበሰቡ፣ «ሁሉም ሰው ተሰማ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «በቃ» ብለው ፋኖሱን አወረዱ።

የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች መጥተው፣ ካርታ በአማኝ እጅ ነውር ነው ብለው እንደወቀሷቸው ሰምተናል። ከገዛ ዘመዶቻቸውም፣ ያኔ ከተማው ውስጥ አኙዋክና ኑዌር በክፉ ዓይን በሚተያዩበት ወቅት የኑዌር ልጅ ግቢያቸው ማስገባታቸውን ያልወደደ ነበር። እሳቸው ግን የመጣውን ሁሉ ያስቀምጡና ካርታ ይሰጡት ነበር፤ ሽማግሌዎቹም አንድ ዙር ተጫውተው ነው የሄዱት።

ያች የኑዌር ልጅ ኛኮንግ ነበረች። ሦስተኛ ክፍልን አብረን ጨርሰን፣ አራተኛ ክፍል አብረን ልንቀመጥ ተስማምተን፣ ክረምቱን ከቤተሰቧ ጋር ወደ ኢታንግ በኩል ሄደች። በዚያ ክረምት ባሮ ሞላ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ኛኮንግ የለችም፤ ምዝገባ ሲዘጋም የለችም። ጥቅምት ላይ ስትመጣ አባዬ ስሟን ሰርዞ ቦታዋን ለሌላ ተማሪ ሰጥቶት ነበር። አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ሊያስረዱ ሲሞክሩ አስተርጓሚ አልተገኘም፤ አባዬም ቆሞ፣ በእጁ ሰዓቱን እየነካካ፣ «ምዝገባ አልፏል፣ ደንቡ ነው» ብሎ እንደመለሳቸው ከክፍሌ መስኮት አይቻለሁ።

ኛኮንግ ትምህርት ቤት ባትመጣም ማታ ማታ ማንጎው ሥር ትመጣ ነበር። አንድ ምሽት፣ ልጆቹ ሳይሰበሰቡ፣ ለምን እንደዘገዩ ነገረችኝ። ጀርባዋ ላይ አዝላው የምትዞረው፣ እኔም የማውቀው ትንሹ ወንድሟ ሞቷል። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ከዚያ ቤቴ ገባሁና ለአባዬ ምንም አልነገርኩትም። ብነግረው፣ «ኛኮንግን የት አገኘሻት?» ይለኛላ። ካርታው ይታወቅብኛል፤ ማንጎው ሥር መሄዴ ይቀራል። ጨዋታዬን ላለማጣት ስል ዝም አልኩ። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ግን ምን እያደረግሁ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን የአባዬ ስብሰባ መብራት ስለጠፋ ሳይጀመር ተበተነ። ቤት ሲገባ የለሁም። እናቴ እውነቱን ነገረችው።

የዚያን ዕለት ማንጎው ሥር የኛኮንግ አባትም ነበሩ። ጋትሉዋክ ይባላሉ፤ የእህል መጋዘን ጠባቂ፣ ግንባራቸው ላይ የወግ ጠባሳ ያለባቸው፣ በጣም ረጅም ሰው። ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አባባ ኡኬሎ አስቀምጠው ካርታ ሰጥተዋቸው ነበር። አባዬ የአጥሩን በር ገፍቶ ሲገባ ጨዋታው ቆመ። እኔ ካርታዬን ቀሚሴ ሥር ሸሸግሁ።

አባዬ ስሜን ጠርቶ «ተነሽ» አለኝ።

ከመነሳቴ በፊት አባባ ኡኬሎ በዝግታ ወንበር ሳቡለት። «መምህር፣ ጎረቤት ቆሞ አይሄድም» አሉት። «አንድ ዙር ተጫወት። ከዚያ ልጅህን ውሰድ።»

የሽማግሌ ቃል መግፋት አይችልም ነበር አባዬ፤ እንደዚያ አላደገም። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባባ ኡኬሎ አንድ ካርታ እጁ ላይ አኖሩለትና ደንቡን ነገሩት፤ እሱም እንደሚቸኩል ሰው ራሱን ነቀነቀ። ተራው የጋትሉዋክ ነበር፤ ከእሳቸው ቀጥሎ አባዬ። ጋትሉዋክ ከፊታቸው የተናገረውን ልጅ ቃል ደግመው «አዎ» ከተባሉ በኋላ፣ ካርታቸውን ምንጣፉ ላይ አኖሩ። ባለ ጭስ ማውጫዋ የኖኅ መርከብ ነበረች። አባዬ ያኔ ቀና ብሎ አያቸው፤ ማን እንደሆኑ ያወቃቸው በዚያ ቅጽበት ነው።

ጋትሉዋክ በኑዌርኛ፣ እየቆሙ እየቀጠሉ ተናገሩ። ኛኮንግ አጠገባቸው ተንበርክካ፣ ዓይኗን ከካርታው ላይ ሳታነሣ፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ አመጣችው።

«ኖኅ መርከብ ነበረው። እኛ ያለን አንድ ታንኳ ነው። መጀመሪያ ሴቶችና ልጆች ተሻገሩ። ደረቅ መሬት ስንደርስ ትንሹን ልጄን ትኩሳት ይዞት ነበር፣ በአራተኛው ቀን ሞተ። ያለንበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ሰውና ከብት ሞልቶታል፤ ዙሪያው ውሃ ነው። የምንቀብርበት መሬት እስክናገኝ ጠበቅን። ቀበርነው። ከዚያ ደግሞ መንገዱ እስኪወጣ ጠበቅን። ኖኅም ጠብቋል። ግን ኖኅ ከመርከቡ ሲወጣ እግዚአብሔር ‹ለምን ዘገየህ› አላለውም።»

«ልጄ» አለች እንጂ «ወንድሜ» አላለችም። የአባቷን ቃል አልነካችም።

የአባዬ ተራ ደረሰ። ጉሮሮውን ጠረገና ክፍል ውስጥ በሚያወራበት ድምፅ ጀመረ። «እሺ። የኖኅን ታሪክ ነው የተናገረው። የጥፋት ውሃ መጣ፣ ኖኅና ቤተሰቡ ዳኑ፣ ውሃው ጎደለ፣ ወጡ።»

ጋትሉዋክ አማርኛ መናገር ይከብዳቸዋል እንጂ ይሰማሉ። «አላልኩም» አሉ።

አባዬ ወደ አባባ ኡኬሎ ዞረ፤ እሳቸው ፍሙን በእንጨት ይቆሰቁሱ ነበር። እንደገና ሞከረ። «ጎርፍ ስለደረሰባቸው ቤተሰቡ ተቸግሯል። ስለዚህ ልጅቷን ምዝገባ አልፏታል። ገብቶኛል፣ ግን ትምህርት ቤቱ…»

«አላልኩም» አሉ ጋትሉዋክ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ምዝገባ አላልኩም።»

አባዬ ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር እንዲሄድም ፈልጌ ነበር፤ አባቴ መልስ ሲጠፋው አይቼ አላውቅም፣ ማየቱም አስፈራኝ። እሱ ግን አልተነሳም። ካርታውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ከወንበሩ ጫፍ ወደፊት ጎንበስ አለ።

«የልጁ ስም ማን ነበር?» አለ።

«ቱት» አሉ ጋትሉዋክ።

«ዕድሜው?»

ጋትሉዋክ ሁለት ጣት አሳዩት።

ከዚያ አባዬ ቀስ ብሎ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ «አንተ» ሲላቸው የነበሩትን ሰው «እርስዎ» ብሎ ተናገረ። «አንድ ታንኳ ነበራችሁ። ሴቶችና ልጆችን አስቀደማችሁ። ቱት ትኩሳት ይዞት በአራተኛው ቀን ሞተብዎ። መሬቱ ሁሉ ውሃ ስለነበር የሚቀበርበት እስኪገኝ ጠበቃችሁ። ቀብራችሁት፣ መንገድ እስኪወጣ ጠበቃችሁ። ኖኅን እግዚአብሔር ለምን ዘገየህ አላለውም።» ትንሽ ቆመና ጨመረ፤ «እኔ ግን ለምን ዘገያችሁ አልኩ።»

«የመጨረሻው የአንተ ነው፣ እኔ አላልኩም» አሉ ጋትሉዋክ። «ሌላው፣ አዎ። እንደዚያ ነው ያልኩት።»

አሁን አባዬ የራሱን ካርታ መጣል ነበረበት። የደረሰው ሳምሶን ነበር፤ አባባ ኡኬሎ ፀጉሩን እስከ ጉልበቱ አስረዝመው የሳሉት ሳምሶን። አባዬ ያንን ሥዕል ሲመለከት ቆይቶ፣ «ጠንካራ ሰው ነበር። ፀጉሩን ተላጨ» አለና ካርታውን ጣለ። አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ዙሩም እንደዚያው ቀጠለ።

ከአባባ ኡኬሎ ግቢ እስከ እኛ በር ያለው መንገድ ከሃምሳ እርምጃ አይበልጥም። መሃል ላይ አባዬ ቆመ።

«ልጁ መሞቱን ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ካርታ እንደምጫወት ታውቅብኛለህ ብዬ።»

ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አደረግሁ። አልመታኝም። ጨለማው ውስጥ ፊቱ አይታየኝም ነበር፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። «ግቢ» አለኝ፣ እሱ ግን ደጅ ቀረ። ያን ቀን ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ነገሩ በቀላሉ የተስተካከለ አይምሰላችሁ። የኛኮንግን ቦታ የያዘው ተማሪ ጥፋት የለበትም፣ አይባረርም። ዳይሬክተሩ ምዝገባ ከተዘጋ ሁለት ወር እንዳለፈው ነግሮ፣ አንድ በር ከተከፈተ ሌላው ሁሉ ይመጣል ብሎ እንቢ አለ። አባዬ ሦስት ቀን ተመላለሰ። በመጨረሻ በራሱ ኃላፊነት ስሟን ከዝርዝሩ ሥር በእጁ ጻፈ፤ ለዚህም በቀጣዩ ግምገማ ተነሥቶበት፣ አድሏል ተብሎ ተወቀሰ። ቤት ገብቶ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። «አልተከራከርኩም» አላት፤ «ደንቡን ጥሻለሁ አልኳቸው።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናትና አባቴ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘው፣ እኔንም አስከትለው፣ ከከተማው ዳር ወዳለው የጋትሉዋክ ጎጆ ለቅሶ ሄዱ። ልጁ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። ጋትሉዋክ ያለቻቸውን አንድ ወንበር አውጥተው ለአባዬ ሰጡ፣ እሳቸው መሬት ተቀመጡ፤ አባዬም ይህን ሲያይ ከወንበሩ ወርዶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ወንበሩ ባዶውን ቆመ። እናቴ ከኛኮንግ እናት ጋር ጎጆ ገብታ ስታለቅስ ይሰማል። ከቆይታ በኋላ ጋትሉዋክ፣ ቱት ጥጃ ባየ ቁጥር በራሱ ስም «ቱት! ቱት!» እያለ ይጠራ እንደነበር በኛኮንግ አፍ ነገሩንና ብቻቸውን ሳቁ፤ እኛም መሳቅ ይገባን እንደሆነ ሳናውቅ ፈገግ አልን።

ኛኮንግ እኔ በምቀመጥበት ዴስክ ላይ ሦስተኛ ሆና ተቀመጠች። አላናገረችኝም። ሳምንት ጠበቅሁና ይቅርታ ጠየቅኋት። ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «ስነግርሽ አለቀስሽ» አለችኝ። «ከዚያ ቤትሽ ገባሽ። አባትሽ እዚያው ቤት ነው ያለው።» ማንጎው ሥር ስንጫወት ደንቡ ስለሆነ ቃሌን ትደግማለች፣ ቃሏን እደግማለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን እስከ ገና ድረስ ዝም እንዳለችኝ ነበር። አንድ ቀን ማጥፊያሽን ስጪኝ አለችኝ፤ ሰጠኋት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ማውራት ጀመርን። ፈጽሞ እንደ ድሮው ሆነን ነበር ብል ግን እዋሻለሁ።

አባዬ ሁለተኛ አልተጫወተም። መከልከሉንም ተወ። ሲመሽ ቀሚሴን ስቀይር ካየ፣ «ወደ አባባ ኡኬሎ ነሽ?» ይለኛል፤ «ካርታ» የሚለውን ቃል ግን አንድ ቀንም ከአፉ አላወጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝውውር ደርሶት ወደ ደጋ ወጣን። አባባ ኡኬሎ እኛ ከሄድን በኋላ እንዳረፉ ሰማን፤ ካርታዎቹ ማን ዘንድ እንደቀሩ የነገረን የለም። ኛኮንግ በቅርብ ዓመታት ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ታስተምራለች ያለኝ ሰው አለ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ዛሬ ከአርባ ሁለቱ ሥዕሎች የማስታውሰው አሥሩን ቢሆን ነው። ልጆቼ የሚጫወቱት በፋብሪካ የታተመ፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ለክርስቲያን ቤተሰብ ተብሎ የሚሸጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ካርታ ነው፤ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ ያስመልሳል፣ ነጥብ ይቆጠራል። ክፉ ነገር የለበትም፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጥቅስ ያውቃሉ። ጡረታ የወጣው አባቴ ባለፈው ዓመት ሊጠይቀን መጥቶ፣ ሶፋ ላይ ሆኖ ሲሻሙና ሲጯጯኹ ሲያያቸው ዋለ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ያን የጋምቤላ ምሽት ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንሥተነው አናውቅም ነበር። ሳምሶንን ረስቶታል። ፋኖሱንም ጭሱንም ረስቶታል። ቱት የሚለውን ስም አልረሳም።

«የሚገርመኝ ምን መሰለሽ» አለኝ። «ሁለቴ ስሳሳት ልቤ እንቢ ብሎ አልነበረም። የሰማሁ መስሎኝ ነበር።»

ላጽናናው አፌን ከፈትኩ፤ ዕድሜውን፣ ጊዜውን፣ ያኔ የነበረበትን ጭንቀት ላነሣለት። ከዚያ ተውኩትና፣ ያለኝን ቀስ ብዬ ደገምኩለት። አዎ፣ አለ።